የቀጭን ውሃ ምርጫ

ልመንህ የደወለ ዕለት ክንዱ ድንቹን እየኮተኮተ ነበር። ስልኩን ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ እስኪያወጣው ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ፤ በሦስተኛው ደረሰበት።

«ክንዴ! እንዴት ከረምህ? ልመንህ ነኝ።»

«አወቅሁህ» አለ ክንዱ። ድምፁን እንዴት አያውቀው! ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። ዛሬ ልመንህ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ክንዱ ደግሞ የቀጭን ውሃ የውሃ አባት።

ቀጭን ውሃ ከንፋስ መውጫ ቁልቁል ሲወረድ ከገደሉ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ናት። አርባ ሦስት ባለመሬት በበጋ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያጠጣባታል። ለሁሉም ባንዴ ስለማትበቃ ተራ አላት። ያን ተራ የሚጠብቅ፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ ያለተራው የጠለፈውን የሚዳኝ አንድ ሰው ይመረጣል፤ የውሃ አባት የሚባለው እሱ ነው። ደሞዝ የለውም። ስድብ ግን ሞልቷል።

«ተማሪዎች ይዤ ልመጣ አስቤ ነው» አለ ልመንህ። «አርባ ይሆናሉ። የዜግነት ክህሎት የሚባል ትምህርት አስተምራቸዋለሁ።»

«ክህሎቱ የምን ክህሎት ነው?»

«ሰው ተሰብስቦ መነጋገር፣ መደማመጥ፣ የሚመራውን መምረጥ፣ ሲበደል በአግባቡ መጠየቅ… ይኸ ከወረቀት ላይ ብቻ አይያዝም። እናንተ በውሃው ጉዳይ ስትሰበሰቡ ተቀምጠው ቢያዩ ብዬ ነው።»

«ይኸን ነው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት?»

«ይኸንንም ይማራሉ።»

«አንተም ይኸን እያስተማርህ ነው የምትኖር?»

ልመንህ ሣቀ። «ምን ላድርግ ብለህ ነው፣ እንጀራዬ ሆነ እኮ።»

ክንዱ ስልኩን ዘግቶ ዶማው ላይ ተደግፎ ቆመ። ሰባት ዓመት ሙሉ በውርጭ ተነሥቶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ፣ ዶማ ይዘው የተፋጠጡ ወንድማማቾችን መካከል ቆሞ የገላገለበት ነገር ለካስ ስም አለው። ክህሎት ይባላል። ስሙን የያዘው ሰውዬ በደረቅ ወለል ላይ ጫማውን ወልውሎ ይኖርበታል፤ ሥራውን የያዘው ደግሞ እዚህ ድንች ይኮተኩታል።

ነገሩ የቆየ ነው። በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ክንዱ ሰባ ዘጠኝ አመጣ፤ ልመንህ ሰባ ሁለት። ይህን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ልመንህም ረስቶት ይሆናል። ክንዱ ግን ውጤቱ የተለጠፈበትን ግድግዳ፣ ወረቀቱን የያዘውን የዛገ ምስማር ሳይቀር ያስታውሰዋል። በዚያው ክረምት አባቱ ሞቱ፤ በሬዎቹ አራሽ ፈለጉ። ልመንህ ንፋስ መውጫ ላይ ቤት ያላቸው አጎት ነበሩትና እዚያ ተቀምጦ ዘጠነኛን ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው፤ እሱ ወደ ላይ፣ ክንዱ ወደ እርፉ።

ይህስ ባልከፋ። ዕድል ነው ብሎ በተወው። የማይተወው ሌላ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ልመንህ የከተማ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና፣ ክንዱን ትከሻውን ይዞ «አብሮ አደጌ ነው፤ በጣም ጎበዝ ልጅ ነበር» አላቸው። ነበር! እንደሞተ ሰው። ጓደኞቹም ለቅሶ ቤት የገቡ ያህል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «አይ…» አሉና ወደ ጠላቸው ተመለሱ። ክንዱ ያን ቀን ጽዋውን ጠላው እንዳለበት አስቀምጦ ነው የወጣ።

ማታ ለሚስቱ ለፍቅርተ ነገራት።

«ልመንህ ተማሪ ይዞ ሊመጣ ነው።»

«እሰይ! ምን ሊያደርጉ?»

«እኔን ሊያዩ።»

«አንተን?»

«የውሃ አባቱን። ትምህርታቸው ነው።»

ፍቅርተ ነጭ ሽንኩርቱን እየጎነጎነች ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንግዲያስ ያን ሱሪህን አውልቅ፣ ልጠበው» አለች።

«ስሚ፤ ዘንድሮ ምርጫውን እጅ በማስወጣት ነው የማደርገው። በተማሪዎቹ ፊት።»

ፍቅርተ እጇ ቆመ። የውሃ አባት በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ መመረጥ አለበት፤ ደንቡ ነው። ሆኖም ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱ «ያው ክንዱ ነው እንግዲህ» ይላል፤ ሌላው ያጉረመርማል፤ ሁሉም ነጠላውንና ጋቢውን አራግፎ ወደየቤቱ ይሄዳል። እጅ ተቆጥሮ አያውቅም።

«ሰባት ዓመት ያልተቆጠረ እጅ ዘንድሮ ምን አመጣው?» አለች።

«ይየዋ! ሰው ለእኔ እጁን ሲያነሣ ቆሞ ይየው።»

«እሱ መች ይህን ጠየቀህ? ስብሰባ ልይ ነው ያለህ።»

«እኔ ላሳየው ፈለግሁ።»

«እንግዲያስ ለሰው ንገር። ለባዩ ንገረው፤ ተናጋሪ ነው፣ ይጠቁምህ።»

«ለምኜ ልመረጥ? ያለ እኔ ማን አለና ነው የምለምን?»

ፍቅርተ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። «ማንም የለም አላልሁም» አለች ቀስ ብላ።

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አውቶቡሱ መንገዱ ዳር ቆመ። አርባ ወጣት ወረደ፤ ግማሹ ጫማው የነጭ ነጭ ነው። ልመንህ ጃኬት ለብሶ፣ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቶ ከፊት መጣ። ክንዱ ሽበቱን አይቶ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ሽበቱ እንዳማረበት አየና ደስታው ጠፋ።

ሰዉ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ልመንህን ሲያይ ብድግ አለ። ብድግ! ክንዱ ሲመጣ እኮ የተቀመጠ ሰው እግሩን እንኳ አይሰበስብም። አንዱ ይስማል፣ አንዱ ይጨብጣል፣ ሴቶቹ «የኛ ልጅ፣ የኛ መምህር» ይላሉ። በርጩማ መጣለት። ለክንዱ የመጣለት ድንጋይ ነው፤ እሱንም ራሱ ነው የፈለገው።

መጀመሪያ ጥያቄ ሆነ። ጽዮን የምትባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጠን ያለች ተማሪ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ተራው መጀመሩንና ማለቁን በምን ታውቃላችሁ?»

ክንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፀሐይ ከዚያ ከማዶው ሸንተረር ብቅ ስትል የላይኛው ቦይ ይከፈታል። የዚህ የኮሶ ጥላ ከዚያ ድንጋይ ሲደርስ ይዘጋል፤ የታችኛው ይቀጥላል።»

«ደመና ሲሆንስ?»

«ደመና ሲሆን ሰዓት እናያለን፤ ከእኔ ስልክ።»

ተማሪዎቹ ሣቁ።

«ስልክ ሳይመጣስ፣ ድሮ?»

«ድሮማ እንጣላ ነበር።»

ሣቁ ባሰ። የክንዱ ልብ ሞቀ። አራስ ያለችበት ቤት ተራው እንደማይቃጠል፣ ሐዘን የደረሰበትንም ሰው ማሳ ጎረቤቱ እንደሚያጠጣለት ነገራቸው። ያለተራው የጠለፈ ሰው የሁሉንም ቦይ ሦስት ቀን እንደሚጠርግ፣ ክስ ሲመጣም ተከሳሹ ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ተናገረ። አርባ ወጣት አፉን ከፍቶ አዳመጠው። ሰባ ዘጠኝ ያመጣው ልጅ ከብዙ ዘመን በኋላ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ መሰለው።

ልመንህ ከበርጩማው ሳይነሣ እጁን ዘረጋ። «ልብ አላችሁ? ባለፈው ሳምንት ያየነው ነው። ተከሳሽን መስማት ብለን፣ ማኅበራዊ ኃላፊነት ብለን፣ አሳታፊ አስተዳደር ብለን…»

እስክሪብቶው ሁሉ ባንዴ ወረደ። ክንዱ የተናገረውን ሰምተውት ነበር፤ ልመንህ የተናገረውን ጻፉት።

ክንዱ ይህን አየ። አየና ተነሣ።

«ወደ ምርጫው እንግባ» አለ። ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኾ ነበር። «የዘንድሮ የውሃ አባት በእጅ ይመረጣል። ጥቆማ አቅርቡ።»

ሰዉ ተያየ። በእጅ? እንግዶች ስላሉ ይሆናል አሉ በየልባቸው። ባዩ፣ ያ ለጨዋታና ለነገር የማያንሰው የላይኛው ሰፈር ገበሬ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ብድግ አለ። ክንዱ ስሙን ለመስማት ተዘጋጀ፤ ፊቱን እንኳ ትንሽ ቆጠብ አድርጎ።

«እንግዲህ እኛ ሰው ሲመጣልን ማክበር እናውቅበታለን» አለ ባዩ። «ልመንህ የእናቱ መደብ በስሙ ነው፤ ከአርባ ሦስታችን አንዱ ነው። ተምሮም አላፈረብንም። እኔ መምህር ልመንህን ጠቁሜአለሁ!»

«እሰይ!» ተባለ። እጅ ወጣ። እንግዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ እጁን አጥፎ የሚቀመጥ ማን አለ? ነውር ነው። አንዱ ለክብር አወጣ፤ አንዱ ጎረቤቱ ስላወጣ አወጣ፤ ወዲያው ጫካ ሆነ። ከባለመሬቶቹ ያልሆነችው ፍቅርተ እንኳ እጇን እስከ ጆሮዋ አድርሳ፣ የባሏን ዓይን ስታይ ነጠላዋን ያስተካከለች መሰለች።

ክንዱ አስመራጭ ነውና መቁጠር ነበረበት። ቆጠረ። አርባ አንድ። እጃቸው ያልወጣ እሱና ራሱ ልመንህ ብቻ ናቸው።

«ኧረ ጉድ!» አለ ልመንህ እየሣቀ ተነሥቶ። «ምን ልታደርጉኝ ነው? ከተማ ተቀምጬ ውሃውን በስልክ ላዙር?» ሰዉ ሣቀ። «ክብሩን ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን ውሃውን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ይኸው ቆሟል። እኔ ክንዱን ጠቁሜአለሁ።»

«እውነት! እውነት!» አሁንም እጅ ወጣ፤ ከቅድሙ ፈጠን ብሎ። አርባ አንዱም።

ክንዱ ለዚህ ነበር ሱሪ ያሳጠበው። እነዚህን እጆች ነበር በሕልሙ ያያቸው። ግን የሰዉ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ ዓይኑ ሁሉ ወደ ልመንህ ነው፤ ደስ አለህ ወይ እንደሚል ነው። ሰባት ዓመት የራሱ የነበረውን ነገር ልመንህ ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው ሆነ። በዚያ ሠርግ ላይ እንዳደረገው ትከሻውን ይዞ።

«አልይዝም» አለ ክንዱ።

ሰዉ አልደነገጠም። በዚያ አገር የተመረጠ ሰው ወዲያው እሺ አይልም። አንዴ አልችልም ይላል፤ ይለመናል፤ ሁለተኛ ደክሞኛል ይላል፤ ይለመናል፤ በሦስተኛው ተገድጄ ነው ብሎ ይቀበላል። ቶሎ እሺ ያለ ሰው ስስታም ይባላል።

«ኧረ አያ ክንዱ፣ ስለ ማርያም!» አለች አንዲት ሴት እንደ ደንቡ።

«አልይዝም አልሁ።»

«ስለ ልጆችህ!» አለ ባዩ፣ እሱም እንደ ደንቡ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ እያዛጋ።

ተማሪዎቹ ይህ ምን እንደሆነ ልመንህን ጠየቁት፤ እሱም በጆሯቸው ነገራቸው። ክንዱ ሲነግራቸው አየ። ዋናውን ቦይ የሚከፍትበትን አካፋ አነሣና ከሰዉ መካከል አጋደመው።

«ሦስተኛዬ ነው። አልይዝም። ሌላ ፈልጉ።»

 የባዩ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ፍቅርተ «አንተ ሰው!» አለች።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ሐረገ ወይን ናት። ባሏ የሞተባት፣ ከታችኛው ቦይ ጫፍ ሁለት ጥማድ የምታለማ። ራሱን የሚጠቁም ሰው በቀጭን ውሃ ታይቶ አይታወቅም።

«አንቺ?» አለ ባዩ። «ሰው ሲጣላ በየት በኩል ትገቢያለሽ?»

«አንተና ወንድምህ በዶማ ስትፈላለጉ ማን ገባ? ክንዱ እስኪደርስ በመካከል የቆመችው ማን ናት?»

ሣቅ ፈነዳ። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ ባዩ ራሱን እያከከ።

«ገደሉ ላይ ያለውን የውሃ መጥለፊያ ወጥተሽ ትጠግኚዋለሽ?» አለ ሌላው።

«ስድስት ዓመት የእኔን ቦይ ማን ሲጠግንልኝ አየህ? ደግሞ ከጫፍ ነኝ፤ ውሃ ስትጎድል መጀመሪያ የምትቀረው ከእኔ ነው። ከእኔ የበለጠ ማን ይጠብቃታል?»

«ሴት ከሆነች የውሃ እናት ልንላት ነው?»

«ከፈለግህ አያትህም በለኝ፤ ብቻ በተራህ አጠጣ!»

አሁን ሰዉ ሁሉ ይናገራል። አንዱ ይቃወማል፣ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ባዩን ይጠቁማል። ልመንህን ማንም አያየውም፤ መኖሩንም ረስተውታል። ክንዱ ይህን አስተዋለ። የሱ ምርጫ እንዲህ መሆን ነበረበት። በጭቅጭቅ፣ በስድብ፣ በእውነት።

ቆጠራውን እሱው አደረገ። ለሐረገ ወይን ሃያ አራት፣ ለባዩ አሥራ ሰባት። ልመንህ «እዚህ አልኖርም» ብሎ፣ ክንዱም ቆጣሪ ስለሆነ እጃቸውን አላወጡም። አካፋውን ሐረገ ወይን አነሣችው፤ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና «ዶልዱሟል» አለች።

ያኔ ልመንህ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ልጆች፣ ዛሬ ያያችሁትን በአንድ ዓመት አስተምሬ አላሳያችሁም። ሥልጣን በእጁ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ መረጠው። እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ፤ ለቀቀና አዲስ ሰው እንዲወጣ በር ከፈተ። ከዜግነት ክህሎት ሁሉ የሚከብደው ይኸ ነው። ጻፉት።»

አርባው ተማሪ አጨበጨበ። ገበሬዎቹም ነገሩ እንደዚያ ከሆነ ብለው አጨበጨቡ።

ለክንዱ በሕይወቱ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ጣፋጭ ነበር። ሰውነቱን ሙቅ ውሃ ያፈሰሱበት መሰለው፤ ዝም ቢል የሱ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ይህም ከማን እጅ እንደመጣ አየ። ይህንንም ያቀበለው ልመንህ ነው። ንዴቱን እንኳ ወስዶ፣ አጥቦ፣ ስም አውጥቶለት ለተማሪ አስጻፈው።

«ውሸት ነው!» አለ።

ጭብጨባው ተቆራረጠ።

«በር ልከፍት አይደለም የለቀቅሁት። ቀንቼ ነው! እሱ ስለሰጠኝ ነው የጠላሁት። እሱ ባይጠቁመኝ ኖሮ ሌላ ሰባት ዓመት እይዘው ነበር። ሰባት ብቻ? እስክሞት!» ጣቱን ወደ ልመንህ ዘረጋ። «ማስተማር ከፈለግህ ይኸን አስተምር!»

 ልመንህ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።  ክንዱ በዕድሜው ይህን ሰው ቃል ሲያጥረው ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ጽዮን እስክሪብቶዋን እንደያዘች አንዱን ታያለች፣ አንዱን ታያለች። «መምህር» አለች በቀስታ፣ «ይኸንንም እንጻፈው?»

ልመንህ «ጻፉት» አለ። ሌላ አልጨመረም። ተሰናብቶ ሲሄድ የክንዱን እጅ ጨበጠ፤ ትከሻውን ግን አልያዘውም።

በመንገድ ላይ ፍቅርተ ከኋላ ከኋላ ስትሄድ ቆየችና፣ «አሁን ቀለለህ?» አለችው።

«ዝም አሰኘሁት እኮ። አየሽው?»

«አየሁት። ውሃውንም አየሁት ሲሄድ።»



ሰኞ ማለዳ ክንዱ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፤ ከበሩ ሲደርስ የሚሄድበት እንደሌለው ትዝ አለው። አጥሩ ጥግ ቆሞ ጠበቀ። ፀሐይ ከሸንተረሩ ልትወጣ ነው። ሐረገ ወይን ልትሳሳት ትችላለች፤ ልታረፍድ፣ ወይ የላይኛውን ከታችኛው ልታዘበራርቅ። ያኔ ይጠሩታል። ያኔ እንኳ ወዲያው አይሄድም፤ ሦስት ጊዜ ያስለምናል።

ፀሐይ ብቅ አለች። በዚያችው ቅጽበት የላይኛው ቦይ ተከፈተ። ውሃዋ ልክ በመንገዷ ሄደች፤ አንድ ስንዝር ሳትዛነፍ። ክንዱ ከስልኩ ሰዓቱን አየ፤ ልክ ነው። እንደገና አየ፤ ልክ ነው።

«አያ ክንዱ!» ስትል ሰማት ከማዶ። ደስ ሊለው ሲል ቀጠለች፤ «በአንተ መደብ በኩል ፍልፈል ቦዩን በስቶታል፤ ውሃዋ ወደ አንተ ድንች እየገባች ነው። ያንተ ተራ ረቡዕ ነው። ቶሎ ድፈነው፣ አለዚያ ሦስት ቀን አስጠርግሃለሁ!»

ከወዲያና ከወዲህ ማሳ የነበሩት ሰዎች ሣቁ። ከሣቁት አንዱ ባዩ ነው፤ ሣቁ ይታወቃል።

ክንዱ ዶማውን ይዞ ወረደ። ጭቃ እየዛቀ ቀዳዳውን ሲደፍን፣ ቀና ብሎ ሐረገ ወይንን አያት፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ አካፋውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ሰው ሁሉ ስሟን እየጠራ ተራውን ሲጠይቃት። አካፋውን ስለሳለችው መሰል፣ ስለቱ ያበራል። ያ የሚያውቀው ቅናት ተነሣበት።

ልመንህስ እንኳ ቢመጣ በዓመት አንዴ ነው። እሷ ግን በየማለዳው ናት።